እናቴ ያወፈረችው ፈረስ

እናቴ «የተራበ ፈረስ ላይ አልቀመጥም» አለች፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው።

«ፈረሱ አልተራበም» አልኳት።

«አንተ በምን አወቅህ?»

«ፈረሱ የኔ አይደል? እንዴት አላውቅም?»

«አንተም የኔ ነህ፤ መች ራበኝ ብለህ ነግረኸኝ ታውቃለህ?» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጎተራው ሄደች።

እኔ እንግዲህ ደባርቅ ውስጥ ፈረስ እያከራየሁ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። ቱሪስት ወደ ቡይት ራስና ከዚያ ወዲያ ሲወጣ ዕቃው በበቅሎ ይጫናል፣ የደከመው ሰው ደግሞ በኔ ፈረስ ይወጣል። የሚያነክስ ፈረስ ከሆነ ገና ከአጥር ውጭ ሳለ በኮቴው ድምፅ ለይቼ አውቀዋለሁ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ይህ ሁሉ እውቀቴ እናቴ ፊት አምስት ሳንቲም እንደማያወጣ እንድታውቁልኝ ብዬ ነው።

እንግዳ ሲጠፋ ሌሎቹን ፈረሶች ሸጥኩና ዳማውን ብቻ አስቀረሁ። ዳማው የዋህ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ረጋ ብሎ ይወርዳል፣ በረባ ባልረባው አይደነብርም። ሥራ ስላልነበረው ግቢ ውስጥ ታስሮ ድርቆሹንና ገለባውን እያኘከ ይውላል። እሱ እኔን ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ፤ ሁለታችንም ሥራ ፈት ነበርን።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል ከተራራው ማዶ፣ ከጃናሞራ ለገበያ የመጣ ሰው የአክስቴን መልእክት ይዞ ቤታችን ገባ። አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ እናታቸው ቀድማ ስለሞተች እናቴን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። ከተያዩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። መጀመሪያ የእናቴ ጉልበት ከለከላቸው፣ ቀጥሎ የመንገዱ ክፋት፣ ከዚያ ደግሞ የጊዜው ክፋት። መልእክቱ አጭር ነው፦ ዓይኔ እየደከመ ነው፤ ጨርሶ ሳይጠፋ ለገብርኤል ነይና ፊትሽን ልየው።

እናቴ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና ቀጥታ ወደ ፈረሱ ሄዳ ትክ ብላ አየችው።

መኪና ለሷ አይሆንም። ገና ሞተሩ ሲነሳ ሆዷ ይገለበጣል። ቢሆንላትስ? መኪናው የሚያወርደን አፋፍ ላይ ነው፤ ከዚያ እስከ አክስቴ መንደር ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ቁልቁለት አለ፤ በዚያ ጉልበቷ አትሞክረውም። ስለዚህ ለታኅሣሥ ገብርኤል እህቷ ዘንድ የሚያደርሳት ዳማው ብቻ ነበር። እሷም ታውቀዋለች፣ እኔም አውቀዋለሁ። አለማወቁ የጠቀመው ፈረሱን ብቻ ነው።

እናቴ ደግሞ ደንብ አላት። የሚሠራላትን ሰው ሳታበላ አታሠራም። እንጨት የሚፈልጥላት ሰው መጥረቢያውን ሳያነሳ ይበላል። እህል የሚያስፈጭላት ሰው ከወፍጮ ቤት በፊትም በኋላም ይበላል። አንድ ጊዜ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰውዬ አስቀምጣ አብልታው፣ ሰውዬው ቆጣሪውን ረስቶ ወጥቷል። እና ይሸከመኛል ያለችውን ፈረስ ከዚህ ደንብ የምታወጣው በምን ምክንያት ነው? ላስረዳት ብሞክር ብሞክር አልሆነልኝም።

በእፍኝ ገብስ ጀመረች። እፍኟ ወደ ሰፌድ አደገ። ገብሱ ላይ ባቄላ ተጨመረ፣ ባቄላው ላይ ጨው ተነሰነሰ። «ኧረ እማዬ፣ ፈረስ የሚኖረው በሣርና በገለባ ነው! እህል የሚሰጠው ለሠራ ነው፤ ይሄ ቆሞ ነው የሚውለው!» ብላት፣ «ገና ይሠራ የለም እንዴ?» አለችኝ። የቀብድ መብል መሆኑ ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደምንም እገላገለው ነበር። ግን ወሬው ሰፈሩን ሞላው። እሷ ጃናሞራ ልትሄድ ነው ተባለ። ደባርቅ ውስጥ ጃናሞራ ዘመድ የሌለው ሰው አለ? የለም ብል ይቀለኛል። አደራው በያይነቱ መምጣት ጀመረ፤ ለወንድሜ ሳሙና፣ ለክርስትና ልጄ ጫማ፣ ለአማቴ ጋቢ። ሰው አደራ ሲሰጥ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ለመንገደኛው ስንቅ ይዞ ነው የሚመጣው። እናቴ ጾመኛ ናት፣ በዚያ ላይ አትበላም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዕቃውንስ ቢሆን የሚሸከመው ማነው? ፈረሱ! ስለዚህ ስንቁ ለፈረሱ መጣ።

አንዷ ሳሙናውን ለእናቴ ሰጥታ ንፍሮውን ይዛ ወደ ዳማው ታልፋለች። ዝክር ደግሶ ዳቦ የተረፈው ሰው በመሶብ ይዞ ይመጣል። አጥር የምንጋራት ጠላ ጠማቂ ጎረቤታችን ደግሞ አተላውን በባልዲ ታመጣ ጀመር፤ «ለከብት እኮ ነው የሚሰጠው» ትለኛለች፣ እኔ ከብትና ፈረስ የማልለይ ይመስል። ላም የምታመሰኳው ሌላ፣ ፈረስ የሚፈጨው ሌላ ነው ብዬ ደረቅ ስብከት ስሰብክ አተላው አልቆ ባልዲው ይላሳል።

ከሁሉ የገረመኝ የሚያበሉበት ሁኔታ ነው። ዳማው ማኘኩን ትንሽ ገታ ካደረገ «ብላ እንጂ! በሞቴ!» ይሉታል። ለፈረስ በሞቴ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ፣ በገዛ ግቢዬ! «አፈር ስሆን ይቺን ብቻ» ያለችም አለች። ሰው ሲሆን «ኧረ በቃኝ፣ ጠገብኩ» ይላል፣ ይግደረደራል፣ በዚያ ምክንያት ነው ልመናው የመጣው። ዳማው መግደርደር የሚባል ነገር አያውቅም። በሞቴ ሲሉት ይበላል፣ ሳይሉትም ይበላል።

አንገቱ ላይ ስብ እንደ መሶብ ከፈፍ ቆሞ ወጣ። ጀርባው ከስብ ብዛት መሀል ለመሀል ቦይ ሠራ። ኮርቻ ብሞክርለት የሆዱ ጠፍር አልደርስ አለ።

«እሰይ! ሠርገኛ መሰለ» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ የፈረስ ጎድን በዓይን ባይታይም በእጅ ሲዳሰስ መገኘት አለበት። የዚህ የት ገባ?»

«ጎድኑ ታይቶ ልሄድ ነው ታዲያ? አገሬው ምን ይለኛል? እህቴስ ምን ትለኛለች? ፈረሷን አስርባ መጣች አይሉም?»

ገብርኤል ጥቂት ቀን ሲቀረው ጠዋት ወደ ዳማው ብወጣ አቋቋሙ አላማረኝም። የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ክብደቱን ሁሉ ወደ ኋላ ጥሏል። ልጎትተው ብል እሳት ላይ እንደቆመ አንዱን እግር አንስቶ አንዱን ይጥላል፤ ወዲያው ይመልሰዋል። ጎንበስ ብዬ ሰኮናውን ብዳስሰው ይፋጃል። እዚያው ተቀመጥኩ። ጉዞው እንዳበቃለት ያኔ ገባኝ።

የእንስሳት ሐኪሟ መጣች። ወጣት ናት፣ ጎማ ጫማዋን አድርጋ ፈጠን ፈጠን የምትል። ሰኮናውን ዳሰሰች፣ ከቁርጭምጭሚቱ በታች የደም ሥሩን ትርታ ለካች፣ አንገቱን ጨበጥ አደረገች።

«ምንድነው የሚበላው?»

«ድርቆሽና ገለባ» አልኩ፣ ሀፍረት ይዞኝ።

ወደ ግርግሙ ሄደች፣ እጇን አስገባችና የተገመጠ ዳቦ አወጣች። «ይሄ ድርቆሽ መቼ ነው የቦካው?» አለችኝ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሐኪሟ ግን ወደ እናቴ ዞረችና በትዕግሥት አስረዳቻት። የፈረስ ሆድ ለሣር የተሠራ ነው፤ ቀስ እያለ ቀኑን ሙሉ የሚያኝከውን ነው የሚችለው። እህልና ዳቦ ሲበዛበት ሆዱ ውስጥ ይቦካል፣ ከዚያ የሚወጣው መርዝ በደሙ ወርዶ ሰኮናውን ከውስጥ ያቃጥለዋል። ደግሞ ሥራ የለውም፣ የበላውን የሚያወጣበት የለውም። ከዛሬ ጀምሮ ገብስ የለም፣ ባቄላ የለም፣ አተላ ጨርሶ የለም። ድርቆሹ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ተጨምቆ ይሰጠው። እግሩ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይቁም፣ መኝታው ለስላሳ ይሁን። ሰው መሸከም ለጊዜው አይታሰብ።

እናቴ ሰምታ ሰምታ፣ «ልጄ፣ እኛ ፍስክ አላበላነው። ገብስ፣ ባቄላ፣ ዳቦ፣ ሁሉም የጾም ነው» አለች።

«እማማ፣ እሱ የጾም ይሁን የፍስክ አያውቅም፤ በዛበት ነው የምልዎት።»

«አንቺ ራስሽ ከስተሻል። በይ ግቢና ሽሮ ቅመሽ።»

ሐኪሟ እንቢ ብትል፣ በሞቴ ተባለችና ገብታ በላች። ስትወጣ እናቴ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ «አየህ? እሷም በላች፣ እግሯን ምን ነካት?» አለችኝ።

ዳማው መርፌ ተወጋ፣ ግን ገብርኤል አልጠበቀውም። ወደ ጃናሞራ ለሚወርድ ሰው «ፈረሳችን እግሩን ታሟል፤ ሲሻለው እንመጣለን በልልን» ብዬ ላክሁ። በበዓሉ ቀን እናቴ በር ላይ ተቀምጣ ወደ ተራራው ስታይ ዋለች። አላለቀሰችም። እኔ ተናድጄባታለሁ፣ አንጀቴንም በልታኛለች፤ የቱ እንደሚበልጥ እስካሁን አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮዬ የዘበኛ ኑሮ ነው። እናቴ ጎተራውን በቁልፍ ብዘጋባት ከጎረቤት ትበደራለች። ጎረቤት ብቆጣ ሰፈሩ ስሜን አነሳ፤ ፈረሱን በረሃብ ሊገድለው ነው፣ ጨካኝ ሆነ፣ ድሮም ቋጣሪ ነበር ተባልኩ። አንዷ ዳቦ በአጥር ላይ ወርውራ ስይዛት «እጄን አዳለጠኝ» አለችኝ። ወይ ጉድ! ባለቤቴ እንኳ አንድ ቀን «ትንሽ ገብስ ምን ያደርገዋል?» ብላኝ እራት ሳልበላ ተኛሁ።

በመጨረሻ የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድኩ።

«አባ፣ እባክዎ ይገዝቱልኝ።»

«ፈረሱን?»

«ኧረ ሰዎቹን!»

ጉዳዩን ስነግራቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ። ከዚያ ግን መጡልኝ፤ ሰፈሩን ሰብስበው፣ ዳማው አጠገብ ቆመው፣ ኮስተር ብለው ተናገሩ። በነነዌ ጊዜ ሰው ብቻ ሳይሆን ከብቱም ጾሟል፤ ይህም ፈረስ እስከ ልደት ከድርቆሽና ከውሃ በቀር አይቀምስም፤ ሌላ የሰጠው ሰው ጾመኛ እንዳስገደፈ ይቁጠረው አሉ።

ሐኪሟ በሳይንስ፣ እኔ በጩኸት ያላገኘነውን አባ በአንድ ቃል አገኙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርፋሪ የጣለለት ሰው የለም። እንዲያውም ዳማው ከበሬታ አገኘ። ሴቶቹ ሲያልፉ «አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረው» ይሉታል። እናቴ ሰዓቱን ጠብቃ ድርቆሹን እየነከረች ትሰጠዋለች፤ «እኔም ከዚህ የተሻለ አልቀመስኩም» ትለዋለች። እግሩ በረደ፣ የአንገቱ ስብ ላላ፣ መራመድ ጀመረ። እኔም እፎይ አልኩ፤ ሞኝ ነኛ!

ጾም መፍቻ እንዳለው እንዴት እረሳለሁ?

የልደት ለት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግቢዬ በነጭ ልብስ ሞልቷል። ምን ሆነዋል ብዬ ሰው ገፍቼ ስገባ ዳማው መሀል ቆሟል፣ ዙሪያውን ሰፌድ፣ ሳህን፣ ባልዲ። ጾሙን እያስፈቱት ነው! እነሱ ራሳቸው ገና ጥሬ አልቀመሱም፣ ቅድሚያ ለጾመኛው ብለው። ገብሱ አለ፣ ድፎ ዳቦው አለ፣ የአውዳመት አተላ አለ። ያቺ ጠላ ጠማቂ ጎረቤቴ ደግሞ ቅቤ የገባበት በሶ በእጇ ጠቅልላ ልታጎርሰው ትታገላለች።

«ቅቤ?! ለፈረስ ቅቤ?!» ብዬ ጮህኩ።

«ፍስክ ነው እኮ!» አለችኝ፤ እኔ የዘመን አቆጣጠር የጠፋብኝ ይመስል።

ያን ቀን የጮህኩት ጩኸት እስከ ዳባት ከተማ ሳይሰማ አልቀረም። ሰፌዱን ገለበጥኩት፣ ባልዲውን ደፋሁት፣ በአውዳመት የማይባል ነገር ተናገርኩ። ግን የበላውን በልቷል። በማግስቱ ሰኮናው እንደገና ጋለ፤ ሐኪሟ በአውዳመት ልብሷ ላይ ጎማ ጫማዋን አድርጋ መጣች። እንደ ፊተኛው አልጠናበትም አለች።

ሐኪሟ ስትሄድ ወደ እናቴ ገባሁ። ትዕግሥቴ አልቋል።

«አንቺ እህትሽን ማየት አትፈልጊም? በቃ አልሄድም በይና እኔም ልረፍ!»

እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«በክፉው ዘመን» አለች ቆይታ፣ «እሷም ልጅ ናት፣ እኔም ልጅ ነኝ። ያላትን ለኔ ትሰጠኝና ጠግቤአለሁ ትለኛለች። ሆዷ ሲጮህ እየሰማሁት በላሁ። አሁን እኔ እህል ሞልቶልኛል፣ እሷ ደግሞ ሩቅ ናት። ማንን ላብላ? ወደሷ የሚወስደኝን አበላሁ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። «እማዬ፣ እሷን ለማብላት መጀመሪያ መድረስ አለብን» አልኳት።

ከዚያ ቀን በኋላ ዘበኛዋ እሷ ሆነች። በርጩማዋን ግርግሙ አጠገብ አስቀምጣ፣ ጭራዋን ይዛ ትውላለች። ማንም ሰው ሰፌድ ይዞ ብቅ ሲል በጭራው ነው የምትቀበለው። አንዴ በልማድ ከኪሴ ሽንብራ አውጥቼ ቆርጠም ሳደርግ አየችኝና እኔንም አባረረችኝ። ጠዋት ጠዋት ጣቷን የዳማው ጎን ላይ እየጫነች ትፈልጋለች፤ አንድ ቀን «ተገኘ! ጎድኑ ተገኘ!» ብላ እልል አለች። ጎረቤት ምን የምሥራች መጣ ብሎ ወጣ።

ጥምቀት አልፎ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ ሐኪሟ ሂዱ አለችን። በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት አራምጄው ነበር። አደራውን ሁሉ በተዋስነው አህያ ጫንን፤ ዳማው እናቴን ብቻ ያዘ። ከቡይት ራስ በላይ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ እሷ ግን በጋቢ ተጀቡና አንዴም አላማረረችም። በመንገድ ዘመድ ቤት አደርን። በየደረስንበት ሰው ገብስ ይዞ ወደ ፈረሱ ሲመጣ «አመሰግናለሁ፣ ሣር ብቻ ነው የሚስማማው» የምትለው እሷ ናት። እኔ ጆሮዬን አላምን አልኩ።

ከአክስቴ መንደር በላይ ያለው ወንዝ ጋ ስንደርስ «አውርደኝ» አለች። ፊቷን ታጠበች፣ ከጥቅሏ አዲስ ነጠላ አወጣች፣ ሻሿን አስተካከለች።

«ፊቴ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«አምሮብሻል።»

«በደንብ እየው እንጂ! እሷ የምታየው እኮ ነው።»

ፈረሱ ላይ መልሼ አስቀመጥኳትና ወደ መንደሩ ገባን፤ አክስቴን ፀሐይ ላይ፣ ደጃፏ ተቀምጣ አገኘናት። የኮቴ ድምፅ ስትሰማ ፊቷን አዞረች፤ ግን ወደኛ አልነበረም የዞረው፣ ትንሽ ወደ ጎን ነበር። ልጇ ወጥታ ጆሮዬ ላይ «ከገና ወዲህ ጥላና ብርሃን ብቻ ነው የምትለየው» አለችኝ። እናቴ ያን አልሰማችም። ከፈረሱ ወርዳ፣ ጉልበቷን እያሻሸች ሄዳ ፊት ለፊቷ ቆመች፤ እንድትታይ አገጯን ቀና አድርጋ ቆመች። አክስቴ ወደ ጥላው አየች። ያኔ እናቴ ገባት፤ ትከሻዋ ወረደ።

«ማነው?» አለች አክስቴ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለች እናቴ። «ለገብርኤል ሳልደርስልሽ ቀረሁ። ፈረሱ እግሩን ታሞብኝ…»

አክስቴ እጇን ወደ ድምፁ ዘረጋች።

«ምን አበላሽው?» አለች።

ምንም የነገራት የለም፤ የላክሁት ሰው እግሩን ታሟል ከማለት በቀር አንድ ቃል አልጨመረም። እናቴ እህቷ እግር ሥር ተቀመጠችና ራሷን እህቷ ጉልበት ላይ ጣለች።

«ገብስ» አለች።

«ሌላስ?»

«ባቄላ። ዳቦ።»

«ሌላስ?»

«አተላ… ደግሞ ልጄ ሲወጣ ሽሮ ፍትፍት።»

ሽሮውን እኔም ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። አክስቴ ሳቅ ሳቅ እያላት፣ እንባዋም እየወረደ፣ በሁለት እጇ የእናቴን ጉንጭ፣ አፍንጫ፣ ግንባር ቀስ እያለች ዳሰሰች።

«በቃ» አለቻት፣ «አየሁሽ።»